አረንጓዴ የተቀባው ግምት

ስህተቱ እንዲህ ነበር፤ በአንድ ቶን የእንቁላል ዶሮ መኖ ውስጥ አምስት ኪሎ መግባት የነበረበት ጨው ሃያ አምስት ኪሎ ገባ። ገላን ኮንዶሚኒየም ጀርባ ካለ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ዶሮ በአራት ቀን አለቀ። ሰፈሩ ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ነው፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ ፈረቃውም ቀርቶ ነበር። ጨው የበላ ዶሮ ውሃ ካጣ ብዙ አይቆይም።

ሐናን የዶሮዎቹን ማለቅ የሰማችው ሐሙስ ጠዋት፣ በኮምፒውተር ባለሙያነት ከምትሠራበት የቃሊቲ የመኖ ፋብሪካ በር ላይ ከሰርቪስ ስትወርድ ነው። ሳፊያ ከጥበቃው ቤት ጎን ቆማለች፤ እግሯ ሥር ማዳበሪያ አስቀምጣለች። ሳፊያ ገላን ላይ ከሐናን ቤተሰብ ብሎክ ሥር ሱቅ ያላት ሴት ናት። ሐናን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ብርድ ልብስ የገዛችላት እሷ ናት።

«ነይማ እስቲ» አለቻት። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«ምነው እትዬ ሳፊያ፣ በጠዋቱ?»

ሳፊያ የማዳበሪያውን አፍ ከፈተችው። አራት ዶሮዎች ተደራርበው ተኝተዋል። አናታቸው ላይ ያለው ኩክኒ ገርጥቷል፤ የጭራቸው ላባ ረጥቦ ተጣብቋል።

«ሌላውን ቀብሬዋለሁ» አለች። «እነዚህን ሰው እንዲያይልኝ ነው ያመጣኋቸው። የወሩን መኖ ዓርብ ከዚህ ጫንኩ። እሑድ መሞት ጀመሩ። ማክሰኞ የቀረ የለም።»

«በሽታ ይሆናል እኮ።»

«የእንስሳት ሐኪሙ መኖውን በጣቱ ነክቶ ቀመሰው። ቀመሰውና ተፋው።» ሳፊያ ማዳበሪያውን መልሳ ቋጠረች። «የኮምፒውተር ሚዛን ነው አላልሽኝም? ግራም አይስትም አላልሽኝም? አንቺ ያለሽበት ፋብሪካ ነው ብዬ ነው ሌላ ቦታ ያልሄድኩት።»

«ብዬሻለሁ።»

«ታዲያ ምንድነው የሳተው?»

«ሰው ነው የሚስተው» አለች ሐናን። ቸኩላ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፏል።

ሳፊያ ይህን ይዛ ቀረች። በዚያው ሰዓት ጋሽ ጀቤሳ በበሩ ሲገቡ ጥበቃው በአገጩ ጠቆማት፤ ጨው የሚጨምሩት እሳቸው ናቸው። ሳፊያ ሰው ስትሳደብ ሐናን አይታ አታውቅም፤ ያን ጠዋት ግን አየቻት። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ስድቡን እስከ መጨረሻው ሰሙና ኮፍያቸውን መልሰው አድርገው ገቡ።

ፋብሪካው ውስጥ በቆሎው፣ ፉሩሽካውና ፋጉሎው ከላይ ካሉት ጎተራዎች በኮምፒውተር ትእዛዝ እየተመዘኑ ይወርዳሉ። ጨው ብቻ በእጅ ነው። ጎተራ ውስጥ ሲከተት እርጥበት እየሳበ ድንጋይ ስለሚሆን፣ ስክሪኑ ቁጥሩን ያሳያል፣ ጋሽ ጀቤሳ በአካፋ ይመዝናሉ፣ መቀላቀያው አፍ ውስጥ ይደፋሉ። አሥራ አራት ዓመት ሲደፉ ኖረዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ መቀላቀያው የቆመበት መሬት ላይ ጤፍ ይዘሩ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ወልደሰንበት ጋሽ ጀቤሳን ካነጋገሩ በኋላ ሐናንን አስጠሯት። ጠረጴዛቸው ላይ የእንስሳት ሐኪሙ ያስመረመረው መኖ የላቦራቶሪ ውጤት ተቀምጧል።

«ሃያ አምስት ኪሎ» አሉ። «በቶን። አምስት የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ፣ ከአቶ ጀቤሳ አናት በላይ ተለጥፏል። ይህን እያየ ሃያ አምስት የሚደፋ ሰው ወይ አያነብም፣ ወይ ሆን ብሎ ነው። እሳቸው ደግሞ ያነባሉ።»

ሐናን የላቦራቶሪውን ወረቀት ወደ ራሷ አዙራ አየችው።

«ስክሪኑ ነው ያዘዘኝ ይላሉ። ደግሞ መጥቼ ለሐናን ተናግሬያለሁ ይላሉ። ስለ ጨው የነገረሽ ሰው አለ?»

«ማንም አልነገረኝም» አለች።

«እንደዚያ ነው የገመትኩት። በስምንት ሰዓት የዲሲፕሊን ኮሚቴው ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል አስተላልፋለሁ። በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ደብቄ መገኘት አልፈልግም።»

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዘጠኝ፣ ወሩ መጋቢት ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ አልተነሣም። በዚያ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ አሻጥር የምትለዋ ቃል ከተነገረች ማንም መልሶ አይውጣትም፤ የሚመለከተው አካል ሲባልም ማን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም።

«አንቺ አንድ ገጽ ጻፊልኝ» አሉ አቶ ወልደሰንበት። «ሲስተሙ ጤነኛ ነው፤ ስክሪኑ ያሳየው አምስት ነው። በቃ። አሥር ደቂቃ አይፈጅብሽም።»

አልፈጀባትም። ሁለተኛ ፎቅ ካለችው ጠባብ ክፍሏ ገብታ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አራት ዓረፍተ ነገር ጻፈች። ጽሑፉ ጥሩ ነበር። የጎደለው ማስረጃ ብቻ ነው፤ የስክሪኑን ምስል አትማ ብታያይዘው ማንም ሁለተኛ አይጠይቃትም ብላ አሰበችና ፕሮግራሙን ከፈተች።

የጾም እንቁላል ጣይ። ጨው፣ 25።

ሌላ መኖ የከፈተች መስሏት ዘጋችው። እንደገና ከፈተች። የጾም እንቁላል ጣይ። ጨው፣ 25። ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳበችና ቁጥሩን በጣቷ ነካችው፤ አቧራ የሚጠረግ ይመስል። አልተጠረገም።

ሽማግሌው ያዩት ሃያ አምስት ነው። እውነታቸውን ነው።

ሳፊያ የጫነችው የጾም መኖ የዚህ ፋብሪካ የራሱ ዘዴ ነው። በሁዳዴ እንቁላል የሚገዛ ስለሚጠፋ፣ ዶሮ አርቢዎች ሃምሳ አምስቱን ቀን ውድ መኖ ማብላት አይፈልጉም። ለዚያ ጊዜ በቆሎው ይቀነስና ፉሩሽካና ፋጉሎ ይበዛበታል። ቦሌ ያለው የሶፍትዌር ድርጅት የሸጠላቸው ፕሮግራም ይህን አያውቀውም። አምና ሐናን ናት የጨመረችው። እንደ አዲስ መጻፉ ስለሰለቻት የማድለቢያውን በሬ መኖ እንዳለ ገልብጣ፣ ከላዩ አስቀምጣ፣ ስሙንና የበቆሎውን መጠን ለወጠች። የታችኞቹ መስመሮች ያው ናቸው፤ ጨውም በሁለቱም አምስት ነበርና እንዳለ ተወችው።

ታዲያ ሃያ አምስቱን ማን ጻፈው?

የለውጦቹን መዝገብ ከፈተች። መልሱ እዚያው ነበር። ባለፈው ሳምንት ሰኞ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሩብ፣ ከድርጅቱ አንድ ፓች፣ ማለትም የፕሮግራም ማስተካከያ፣ መጥቷል። ፋሲካ ሲቃረብ የሚደልቡት በሬዎች ውሃ ጠጥተው አብዝተው እንዲበሉ የማድለቢያው ጨው ከአምስት ወደ ሃያ አምስት ከፍ ይበል ይላል። ለበሬ ልክ ነው። ፓቹን በፕሮግራሙ ላይ ያሳረፈችው ሐናን ናት። ሦስት ቦታ ተለውጧል፤ ሦስቱም አጠገብ ምልክት አለ። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ።

ፓች ሙሉ ፕሮግራም አይደለም። የሚለወጠው መስመር ብቻ፣ ከላይና ከታች ሁለት ሦስት መስመር አጅቦት ይላካል። አጃቢዎቹ የአድራሻ ምልክት ናቸው፤ አዲስ አበባ ላይ ቤት እንደሚነገረው ነው፤ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ሰማያዊ በር፣ ከጎኑ ዛፍ አለ። ወፍጮ ቤቱ ፈርሶ ከሆነስ? መንገደኛው ሰማያዊ በርና ዛፍ ፈልጎ ያንኳኳል። ብዙ ጊዜ ትክክለኛውን ቤት ነው የሚያንኳኳው። ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ብሎኩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ የሰው ቤት ገብቶ ጫማውን ያወለቀ እንግዳ በየሳምንቱ ይሰማል።

ሐናን ይህን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ተመርቃ በገባች በሁለተኛው ወር ፓች የሚያሳርፍላትን መሣሪያ፣ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም፣ የጻፈችው ራሷ ናት። ሦስት ቀለም ነበረው። አጃቢዎቹ ሁሉ ልክ ከገጠሙ አረንጓዴ። ጭራሽ ካልተገኘ ቀይ። የገጠመው በግምት ከሆነ፣ ማለትም መሣሪያው ከዳር ያሉትን አጃቢዎች ትቶ የሚመስለውን ቦታ ከመረጠ፣ ቢጫ። ቢጫው ሥር የተፈለገው በግራ፣ የተገኘው በቀኝ ጎን ለጎን ይወጣል፤ የሚለያዩት ቃላት ደመቅ ብለው ይቀባሉ። ሰው አይቶ «አይቻለሁ» የሚለውን እስኪጫን ድረስ ሥራው አይቀጥልም። ያኔ በዚህ ነገር ኮርታ ነበር።

የፋብሪካው ቅጂ ግን እየዋለ እያደረ ከዋናው ተለየ። ዛሬ የጾም መኖ ይጨመራል፣ ነገ ሌላ። ጋሽ ጀቤሳ ራሳቸው በኅዳር ብርድ ሞላሰሱ፣ ያ ጥቁሩ የስኳር ዝቃጭ፣ እየረጋ ስላስቸገራቸው የማድለቢያው መኖ ስም ሥር «መጀመሪያ ሞላሰሱን አሙቅ» የሚል መስመር ይግባልኝ ብለው አስገብታላቸዋለች። መስመር በገባ ቁጥር ቢጫው በዛ። በአንድ ፓች ስምንት፣ ዘጠኝ ቢጫ። እያንዳንዱን ማንበብ፣ እያንዳንዱን መጫን። ሁሉም ደግሞ ልክ ሆኖ ይገኛል።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ማታ ሰርቪሱ ታች ጥሩምባውን እየነፋ ሰባተኛው ቢጫ ወጣባት። አንድ መስመር ቀየረችና ቢጫውን አረንጓዴ አደረገችው። ነገ እመልሰዋለሁ አለች። ሰርቪሱ ላይ ደረሰች። ነገ የተባለው ቀን ግን ይኸው መጋቢት ሆነ።

ያችን መስመር አሁን መለሰቻት። መሣሪያውን የሰኞው ፓች ላይ እንደገና አስኬደችው።

አረንጓዴ። አረንጓዴ። ሦስተኛው ቢጫ ሆኖ ወጣ።

በግራ፣ የተፈለገው፤ ማድለቢያ በሬ። በቀኝ፣ የተገኘው፤ የጾም እንቁላል ጣይ። ሌላው ሁሉ ፊደል በፊደል አንድ ነው። ትክክለኛው ቦታ ስለ ሞላሰሱ በገባው መስመር ምክንያት ሳይገጥም ቀርቷል፤ መሣሪያው ወደ ላይ ሄዶ መንትያውን አግኝቶ ጨዉን እዚያ ጽፏል። ከዳር ያለውን አጃቢ ሲተው የተወው ስሙን ነው። ስሙ ብቻ ነበር በሬውን ከዶሮ የሚለየው።

ደምቀው የተቀቡትን ቃላት አየች። ፊደል የቆጠረ ሕፃን የሚለያቸው ነገር ነው። አሥር ሴኮንድ እንኳ አይፈጅም ነበር። የጻፈችውን አንድ ገጽ አነሣችና እንደገና አነበበችው። «ሲስተሙ በትክክል እየሠራ መሆኑን አረጋግጣለሁ።» ፊርማዋ ሥሩ አለ።

ከታኅሣሥ ወዲህ የመጡትን ፓቾች ሁሉ አስኬደቻቸው። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ቢጫ ለበሰ። ሃያ ሦስት ቦታ። አንድ በአንድ አነበበቻቸው፤ አንድም ሳትዘል። ሃያ ሁለቱ በቦታቸው ናቸው። ይህ እንዲያውም አላጽናናትም፤ ሃያ ሁለት ጊዜ ዓይኗን ጨፍና አስፓልት ተሻግራለች ማለት ነው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ወደ ታች ወረደች።

ጋሽ ጀቤሳ ከመቀላቀያው ቤት ውጭ ባዶ ጆንያ ክምር ላይ ተቀምጠዋል። የጨው መጋዘኑን ቁልፍ ወስደውባቸዋል፤ እጃቸው ግን በለመደው ወገባቸው ላይ ይዳስሳል።

«ጋሽ ጀቤሳ፣ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ የሳፊያን መኖ ሲቀላቅሉ ስክሪኑ ላይ ስንት ነበር ያዩት?»

«ለጥበቃው ነገርኩ። ለሰው ኃይሏ ለአሰለፈች ነገርኩ። ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩ።»

«ለእኔም ይንገሩኝ።»

«ለአንቺማ ከሁሉም በፊት ነው የነገርኩሽ።»

«መቼ?»

«ማክሰኞ ነዋ። ከመድፋቴ በፊት። አካፋዬን አቁሜ፣ በዚህ ጉልበት ያን ሁሉ ደረጃ ወጥቼ። በርሽ ላይ ቆሜ፣ ወረቀቱ አምስት ይላል፣ ስክሪኑ ሃያ አምስት ይላል፣ የቱን ልስማ አልኩሽ።»

«እኔስ ምን አልኩ?»

«‹ትናንት ተስተካክሏል፣ አረንጓዴ ነው። ወረቀቱ አሮጌ ነው። ስክሪኑ ያለውን ይሥሩ።›» ድምፃቸውን አቅጥነው የእሷን አስመሰሉ፤ ፍጥነቱን ሳይቀር። «ጆሮሽ ላይ ያ ገመድሽ ነበር። ቀና አላልሽም። በሬ እንኳ ሰው በረት ሲገባ ቀና ይላል።»

ሐናን ያንን ማክሰኞ ፈለገችው። ድምፅ የለውም፤ ፊት የለውም። ከብዙ ፍለጋ በኋላ የመጣላት የሞላሰስ ሽታ ብቻ ነበር፤ በሯ ላይ ድንገት ሽው ብሎ የጠፋ የሞላሰስ ሽታ። ያኔ ምን ይሸታል ብላ እንኳ አልዞረችም።

«ዛሬ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጠይቀውኝ ነበር» አለች። «ማንም አልነገረኝም ብያለሁ።»

«ሰምቻለሁ። ‹ሐናን አልመጡም ብላለች› አለኝ።» ሽማግሌው ጆንያው ላይ ያለውን ክር መዘዙ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እኔ ደግሞ ውሸታም ሽማግሌ ሆንኩ። ይሁን። ልጄ ጂራታ ጥቅምት ላይ ከቤት ተወስዶ የመጣው የካቲት ነው። ከአንድ ቤት ሁለተኛ ሰው ሲጠራ ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ? ዘራቸው ነው ይላሉ። ጂራታንም መልሰው ይወስዱታል። እኔ ለጨው አይደለም የተጨነቅኩት።»

«አይወስዱትም።»

«ይህም አረንጓዴ ነው?» አሏት።

ሐናን ወደ ላይ ወጥታ ላፕቶፑን ነቀለች።

ስምንት ሰዓት ላይ የስብሰባው ክፍል ውስጥ አራት ሰው ተቀመጠ። አቶ ወልደሰንበት ራስጌ፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋ አሰለፈች ቃለ ጉባኤውን ይዛ በቀኛቸው፣ ጋሽ ጀቤሳ ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር፣ ሐናን ከመካከል። ሥራ አስኪያጁ እጃቸውን ዘረጉ።

«ገጹን።»

«ቀድጄዋለሁ» አለች ሐናን። ላፕቶፑን ገልጣ ወደ እሳቸው አዞረችው።

ነገሩን በአጭሩ ተናገረች፤ እንደ ልማዷ ፈጠን ብላ። ፓቹ ልክ ነበር። ያረፈበት ቦታ ልክ አልነበረም። ስክሪኑ በእርግጥ ሃያ አምስት አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ የዶሮ መኖ አልተቀላቀለም፤ የተበላሸው ቶን ያ የሳፊያ ብቻ ነው። የበሬው ደግሞ በአምስቱ ቀርቶ ነበር፤ አሁን ሁለቱም ተስተካክለዋል።

አቶ ወልደሰንበት ቢጫውን አዩት። ጠዋት ለሚመለከተው አካል ስልክ ደውለው ነበር፤ ይህን ከአሰለፈች በቀር ማንም አያውቅም ነበር፤ አሰለፈችም ዓይኗን ወረቀቱ ላይ ተክላለች።

«መብራት ተቆራርጦ ይሆናል» አሉ በመጨረሻ። «መብራት ሲቆራረጥ ሲስተም ይሳሳታል። እንደዚያ ይጻፍ።»

«ያን ቀን መብራት አልጠፋም።»

«እንግዲያውስ ከላኪው ድርጅት የመጣ ስህተት ነው።»

«የእነሱ ልክ ነበር። የሳትኩት እኔ ነኝ።»

አሰለፈች እስክሪብቶዋን ሳታነሣ፣ «ይሄ ቢጫ ግን ያኔ የት ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«አጥፍቼው ነበር።»

«ሆን ብለሽ?»

«ሆን ብዬ።»

«ለምን?»

«ያዘገየኝ ስለነበር።»

የአሰለፈች እስክሪብቶ ቆመ። «እንዲህ ብዬ ልጻፈው?»

«እንዲሁ ጻፊው።»

ጋሽ ጀቤሳ አልተንቀሳቀሱም። ስክሪኑን ሩቅ ሆነው እያዩ ነው፤ ያችን ቢጫ። አቶ ወልደሰንበት ጉሮሯቸውን ጠረጉና ቶሎ ቶሎ ማስጻፍ ጀመሩ፤ ችግሩ ቴክኒካዊ መሆኑ ተረጋግጧል፣ ሠራተኛው ወደ ሥራቸው ይመለሱ፣ ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ለማንም አይተላለፍም። ጠዋት በስልክ ያሳወቁትንም እሳቸው ራሳቸው ደውለው እንደሚያነሡት ተናገሩ። አሰለፈች ጽፋ ጨርሳ ወረቀቱን ከእስክሪብቶው ጋር ወደ ሽማግሌው ገፋችው።

ጋሽ ጀቤሳ አነበቡት። ሁለተኛም አነበቡት። መልሰው ገፉት።

«አልፈርምም።»

«ጋሽ ጀቤሳ፣ ነጻ ወጥተዋል እኮ» አሉ አቶ ወልደሰንበት።

«ደረጃ መውጣቴ የለበትም።»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ነገ ሌላ ሰው ሲያነበው ምን ይላል? ሃያ አምስት አየ፣ ዝም ብሎ ደፋ ይላል። እኔ ዝም አላልኩም።»

«እሱ ከገባ ነገሩ የቴክኒክ መሆኑ ይቀራል፤ የሰው ይሆናል» አሉ ሥራ አስኪያጁ። ወደ ሐናን ዞሩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ ላይ ነው የሚያርፈው። ለዋናው መሥሪያ ቤት ነው የሚሄደው። ገብቶሻል?»

ገብቷታል። ገላን ያለው ቤት የወር ክፍያው በእሷ ደመወዝ ነው፤ አባቷ ሀይረዲን ዓይኑን ከታመመ ወዲህ ሌላ ገቢ የለም። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሰበችው፤ አሰበችውና ጠረጴዛው ላይ ካለው ወረቀት በቀር የምታየው ጠፋ።

«ጻፊ» አለች አሰለፈችን። «ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ፣ አቶ ጀቤሳ ጨዉን ከመጨመራቸው በፊት ሁለተኛ ፎቅ ወጥተው ወረቀቱና ስክሪኑ እንደማይስማሙ ነግረውኛል። ሳላይ ስክሪኑን ይከተሉ ብያቸዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ማንም አልነገረኝም ማለቴም ሐሰት ነው፤ አልሰማኋቸውም ነበር እንጂ ነግረውኛል።»

አሰለፈች ጻፈች። ጋሽ ጀቤሳ ወረቀቱን ተቀብለው እንደገና ከላይ ጀምረው አነበቡ፤ ደረጃው ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳረፉበት። ከዚያ ፈረሙ። ጊዜ ወሰዱ፤ ስማቸውን እስከ አያታቸው ጻፉ።

«ቁልፌን» አሉ።

አሰለፈች ከመሳቢያው አውጥታ ሰጠቻቸው። ቀበቷቸው ላይ አሰሩት።

ሐናን ይቅርታ ልትጠይቃቸው አፏን ከፈተች። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምሮ ስታዘጋጀው የቆየችው ነገር ነው። ሽማግሌው ቀደሟት።

«የዶሮዋ ሴትዮ አሁንም በር ላይ ናት?»

«ናት» አለች አሰለፈች። «ሂጂ ብንላት እምቢ ብላ ማዳበሪያው ላይ ጥላ ዘርግታበት ተቀምጣለች።»

«የፋብሪካው ጠበቃ ያነጋግራታል» አሉ አቶ ወልደሰንበት ፈጠን ብለው። «ማንም ምንም እንዳይላት። በተለይ አንቺ፣ ሐናን። ጎረቤትሽ መሆኗን ሰምቻለሁ።»

ጋሽ ጀቤሳ እሳቸውን አልሰሙም፤ ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሐናንን ቀጥ ብለው አዩዋት።

«ጠዋት አባቴንም እናቴንም አንሥታ ሰድባኛለች። በአሥር ሰዓት ፈረቃዬ ያልቃል፤ በዚያ በር ነው የምወጣው። እንደገና እንድሰደብ አልፈልግም።» ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። «ቀድመሽ ውጪና ንገሪያት።»

ሐናን ተነሣች። አቶ ወልደሰንበት ስሟን ጠሩ፤ አንዴ፣ ከዚያም ጠንከር አድርገው። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው መልሳ አስገባችው። ላፕቶፑን አልዘጋችውም፤ ቢጫው ወደ ሥራ አስኪያጁ ፊት እንደዞረ፣ እንደበራ ትታው በጋሽ ጀቤሳ ጉልበት አጠገብ አልፋ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ስባ ዘጋችው።